አታላዩ ጣባ

ትርንጎ አንዲት የሽምብራ ፍሬ በሁለት የብረት ጥርሶች መካከል አስገብታ ቁልፉን ተጫነች። ቀጭ! በወጥ ቤቱ «ጆሮ» የሚባለው መሣሪያ ምግብ ሲሰበር የሚያሰማውን ድምፅ አዳምጦ ነጥብ ይሰጣል። ለሽምብራዋ ሃምሳ ሁለት ሰጣት። ቺፕስ ሰባ ነው የሚያገኘው።

«ሃምሳ ሁለት? አንተ ጆሮህ ይታጠብ!» አለችው፣ ሰው ይመስል።

ይህ ሰባተኛ ሙከራዋ ነው። የመጀመሪያው ሽምብራ ጥርስ የሚነቅል ጠጠር ሆኖ ነበር። ሁለተኛው የረጠበ ካርቶን ነበር፤ የሦስተኛውን ባናነሣው ይሻላል። አሁን ግን ቀቅላ፣ አቀዝቅዛ፣ አየር በሌለው ምድጃ አፈንድታ ስትቆላው ውስጡ ባዶ፣ ቅርፊቱ ስስ ሆኖ ወጣላት። ዘይት የለበትም። ቅንጣት ጨውም የለበትም።

አዋሽ የምትባለው መርከብ ዘጠና ስድስት ሰው ይዛ ወደ ጁፒተር ጨረቃዎች መጓዝ ከጀመረች አሥራ አራት ወር ሆኗታል። በእነዚህ ወራት ሰው መጽሐፉን አንብቦ ጨረሰ፣ ፊልሙን አይቶ ጨረሰ፣ ወሬውን አውርቶ ጨረሰ፤ የቀረው ደስታ ቺፕስ ብቻ ሆነ። ስስ፣ ጨው የተነሰነሰበት፣ አፍ ውስጥ የሚንኮሻኮሽ የድንች ቺፕስ። ጠብሳ ስታድል የኖረችው ራሷ ትርንጎ ናት። አሁን የስድስት ሰው የደም ግፊት ከቀዩ መስመር አልፏል፤ ከስድስቱ አንዱ የገዛ ባሏ ማንደፍሮ ነው።

ከአሥር ቀን በኋላ ደግሞ ልጓም አለ። ልጓም የሚሉት መርከቧ ፍጥነቷን ለመግታት ሞተሯን ወደፊት አዙራ የምታነድበትን አሥራ አንድ ሰዓት ነው። በዚያን ጊዜ የሰው ክብደት ሦስት እጥፍ ስለሚሆን ግፊቱ ከመቶ አርባ አምስት በላይ የሆነ ሰው ልቡ አይችለውም። የግፊት መድኃኒቱም ልብን ስለሚያዘገይ በልጓም ሰሞን ክልክል ነው። እንዲህ ያለው ሰው ብርድ አልጋ ውስጥ ይገባል፤ ሰውነቱ ቀዝቅዞ፣ ልቡ ሊቆም ምንም ሳይቀረው፣ ልጓሙን ተኝቶ ያልፋል። ከስምንት ሰው አንዱ ግን አይነቃም። የማንደፍሮ ግፊት መቶ ስልሳ ስምንት ነው።

«ቺፕሱን መከልከል ብቻ አያዋጣም» ብሏት ነበር የመርከቧ ሐኪም ዶክተር ቀለመወርቅ። «ባለፈው ስንከለክላቸው ጨው ከወጥ ቤት እየሰረቁ ላሱ። የሚተካ ነገር ያምጡልኝ፣ ወይዘሮ ትርንጎ። የሚንኮሻኮሽ፣ ጨው ጨው የሚል፣ ጨው የሌለበት።»

«ዝናብ የሌለበት ጎርፍ አምጪ ይበሉኛ!»

መንኮሻኮሹን ከሽምብራው አገኘችው። ጨው ጨው ማለቱን ያገኘችው ከጣባ ነው። እሷ «አታላይ ጣባ» ያለችው ዕቃ ሲያዩት ተራ ሳህን ነው። ሰው በግራ እጁ ይዞት በቀኙ ሲበላ ደካማ ኤሌክትሪክ በሰውነቱ ዞሮ ምላሱን ይነካዋል፤ ምላስም ጨው የቀመሰ ይመስለዋል። ከጣባው ስንት ፍሬ እንደተነሣም ይመዘግባል። አንዱን ለመቅመሻ ወጥ ቤት አስቀረችና ስድስቱን ለስድስቱ ሕሙማን ሰጠች።

በአምስተኛው ቀን ጠዋት አምስቱ ከመስመሩ በታች ወርደው ተገኙ። ማንደፍሮ ወደ መቶ ሰባ አንድ ወጣ።

ትርንጎ ክፍላቸው ገብታ በሩን ዘጋችው። «ማንዴ፣ ዓይን ዓይኔን እያየህ ንገረኝ። ከየት ነው የምትሰርቀው?»

«ምኑን?»

«ቺፕሱን ነዋ!»

«አንቺን ይንሳኝ አልሰረቅኩም! ጣባውን እይው እንጂ። የሰጠሽኝን ሽምብራ ነው የምበላው።»

«ዓይንህን በጨው ታጥበህ ትዋሸኛለህ? ደምህ እኮ ይናገራል!»

ማንደፍሮ ተነሣ። ጫማውን አጥልቆ ወደ ሥራው ሄደ። ትርንጎ አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ አለች፤ ንዴቷ ሲወጣ ከሥሩ ፍርሃቱ መጣ። ሠላሳ ሁለት ዓመት አብረው ኖረዋል። ይህ ሰው ዋሽቷት አያውቅም፤ ታዲያ ለምን ዛሬ?

በምሳ ሰዓት ሳትነግረው ሞተር ክፍል ወረደች። ማንደፍሮ የክፍሉ ሹም ነው፤ ስልሳ አንድ ዓመቱ ነው፤ በመርከቧ ካሉት ቴክኒሻኖች ግማሹ ሙያ የተማሩት ከእሱ ነው። ከወፍራሙ ቧንቧ ጀርባ ቆማ አየች። ጣባውን በግራ እጁ ጉልበቱ ላይ ይዟል፤ ሽምብራውን አንድ ሁለት ይላል። አጠገቡ ደምመላሽ ቁጭ ብሏል። ይህ ደምመላሽ ጎልማሳ የብየዳ ሠራተኛ ነው፤ ያለ ቺፕስ እንቅልፍ የማይወስደው፣ ከትራሱ ሥር የቺፕስ ከረጢት የሚያሳድር ሰው። ከረጢቱን ከፈተ። ግን ለራሱ አልጀመረም።

«እንብላ!» አለ ዙሪያውን፤ ከዚያ ዘግኖ ወደ ማንደፍሮ ዞረ። «ጋሼ ማንዴ፣ ይቺን ብቻ!»

«ተው እንጂ፣ ተከልክያለሁ።»

«አፈር ስሆን! በሞቴ!»

ማንደፍሮ መዳፉን ዘረጋ። ምን ያድርግ፤ ታላቅ ሳይቀምስ ማን ይጀምራል? ከደምመላሽ ቀጥሎ ሌላዋ መጣች፣ ከእሷ ቀጥሎ ሌላው። ሁሉም አንድ አንድ ቁንጥር ነው የሚሰጠው፤ ማንም ሰው ጋሼን ጎዳሁ ብሎ አላሰበም። ትርንጎ ሃያ ሦስት እጅ ከቆጠረች በኋላ መቁጠሩን ተወችው።

«ማንዴ!»

የተዘረጉት እጆች ተሰበሰቡ። ማንደፍሮ አፉ ውስጥ ያለውን ሳይውጥ ቀና ብሎ አያት። ፊቱ ላይ የሌባ ድንጋጤ አልነበረበትም፤ ግራ መጋባት እንጂ።

«ይሄ እኮ መብላት አይደለም፣ ትርንጎ» አለ። «የሰው እጅ አልመልስም ብዬ ነው። እኔ የበላሁት ጣባው ላይ ያለውን ነው።»

አልዋሸም ነበር። ከሰው እጅ የተቀበለውን እንደ ምግብ ቆጥሮት አያውቅም፤ እናቱም አልቆጠረችውም፣ አያቱም አልቆጠሩትም። ጣባውን የፈለሰፈችው ትርንጎ ራሷም ሰው ሁሉ ከየራሱ ሳህን ብቻ የሚበላ ይመስል ይህን ረስታዋለች። የገዛ አገሯን ሰው እንደ ባዕድ ሳህን ለሳህን ስትለካ ከርማ ኖሯል፤ አፈረች።

ዶክተሩ ሲሰማ «ክፍል ውስጥ ለብቻው እንዝጋበት» አለ።

«በበሩ ሥር ያሾልኩለታል። አያውቋቸውም? ዶክተር፣ ሌላ መንገድ የለም፤ ጨው ከሁሉም እጅ መጥፋት አለበት። በማንም እጅ ላይ ያለ ነገር መድረሻው የእሱ አፍ ነው።»

«ዘጠና ጤነኛ ሰው ለአንድ ሰው ብሎ? ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ ሲባል አልሰሙም? ሽምብራው ካልጣማቸው ሁለት ቀን አይዘልቁም።»

«ጣባ አለልኝ። ጣባው ያጣፍጠዋል።»

መመገቢያ አዳራሹ ውስጥ ቆማ ነገረቻቸው። ንግግር አትችልም። አምስት ቀን ብቻ እንደቀረ፣ ግፊቱ ስንት እንደደረሰ፣ ብርድ አልጋ ከስምንት አንዱን እንደሚያስቀር ተናገረች። አንዳንዱ ጠረጴዛውን ያያል፣ አንዳንዱ ጎረቤቱን። ማንደፍሮ በኀፍረት አንገቱን ደፍቶ ነበር።

ደምመላሽ ተነሣ። ብድግ ብሎ ወጣ፤ ተቆጥቶ ይሆናል ብላ ፈራች። ሲመለስ ሦስት ከረጢት ታቅፏል። ማንንም ሳያይ የቆሻሻው መፍጫ ውስጥ ገለበጣቸው።

«ምን ታዩኛላችሁ?» አለ። «ጋሼን በረዶ ውስጥ ልንከት ነው እንዴ?»

ከዚያ በኋላ ከየትራሱ ሥር፣ ከየመሳቢያው፣ ከየሥራ ልብሱ ኪስ የወጣውን ቺፕስ ላየ ዶክተሩ ለምን እንዳልተሳካለት ይገባዋል።

የጥገና ክፍሉ እስከ እራት በዕቃ ማተሚያው ዘጠና ጣባ ሠርቶ አወጣ። የፊተኞቹ ስድስቱም ተጨምረው የሁሉም ኃይል አሁን ከአዳራሹ ግድግዳ ካለው አንድ ሣጥን ይመጣል፤ ትርንጎ በወጥ ቤቱ ጣባዋ የመጨረሻውን የሽምብራ ቆሎ ቀምሳ፣ ጨው ጨው ማለቱን አረጋግጣ አቀረበች። ሰው ሁሉ ዘገነ። ቀጭ ቀጭ የሚለው ድምፅ አዳራሹን ሞላው። ከዚያ በድንገት መንጋጋው ሁሉ ቆመ።

ትርንጎ በሩ ላይ ቆማ ፊት ፊታቸውን አየች።

«እጅዎ ይባረክ፣ እትዬ ትርንጎ!» አለ ደምመላሽ ጮክ ብሎ። «ከቺፕሱ ይበልጣል!» ዘግኖ ወደ ማንደፍሮ ዘረጋ። ማንደፍሮ አላመጠ፣ ደምመላሽን አየ፣ ዞሮ ሚስቱን አየና በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ። ሌሎቹም ተከተሉ። «ጣፋጭ ነው!» «ምን ጨመሩበት?» እሷም እፎይ ብላ ወጥ ቤቷ ገባችና አለቀሰች።

በማግሥቱ ጠዋት የማንደፍሮ ግፊት መቶ ስልሳ አራት። ከዚያ መቶ ሃምሳ ስምንት። ከዚያ መቶ ሃምሳ ሦስት። በዘጠነኛው ቀን መቶ አርባ ዘጠኝ። ትርንጎ እንቅልፍ አጣች፤ ባሏ ጎኗ ሲተነፍስ እያዳመጠች ታነጋለች። ቁጥሩ ይወርዳል፣ ቀኑ ግን ከቁጥሩ ይፈጥናል።

የልጓሙ ጠዋት ብርድ አልጋው ተከፍቶ፣ የብርዱ ጭጋግ ወለሉ ላይ ይሳብ ነበር። ማንደፍሮ አልጋው ውስጥ ብረት ይዞ ስለማይገባ የጋብቻ ቀለበቱን አውልቆ ሰጣት። እሷም አውራ ጣቷ ላይ አደረገችው። ዶክተሩ የማንደፍሮን ክንድ በግፊት መለኪያው አሰረ። ኮሪደሩ በሰው ተሞልቶ ነበር።

«መቶ አርባ ሰባት» አለ ዶክተሩ።

ትርንጎ አውራ ጣቷ ላይ ያለውን ቀለበት ጨበጠች። ሁለት ነጥብ! ለሁለት ነጥብ ብሎ ሰው በረዶ ውስጥ ይገባል?

«ደንቡ አንድ ጊዜ መድገም ይፈቅዳል። አምስት ደቂቃ ይቀመጥ፤ ማንም አያናግረው።»

አላናገሩትም። ደምመላሽ ግን ቀረብ ብሎ አጠገቡ ቁጭ አለ፤ ሌሎቹም እየመጡ ወለሉ ላይ ተቀመጡ። ማንደፍሮ ዓይኑን ጨፈነ። አምስቱ ደቂቃ ከአሥራ አራቱ ወር ረዘመባት።

«መቶ አርባ አራት» አለ ዶክተሩ፤ ወዲያው ብርድ አልጋውን ራሱ ዘጋው።

ልጓሙ ያዘ። አሥራ አንድ ሰዓት ሙሉ ደረታቸው ላይ ድንጋይ የተጫነ ያህል ተጨንቀው፣ ጎን ለጎን ተጋድመው፣ እጅ ለእጅ ተያይዘው አለፉት። ሲያበቃ ማንደፍሮ መጀመሪያ ያለው «ውሃ» ነው።

ልጓሙ ካበቃ በሦስተኛው ቀን ትርንጎ ጣባዎቹን ሰብስባ ለማጠብ አዳራሽ ገባች። ኃይሉን ላጥፋ ብላ የግድግዳውን ሣጥን ስትከፍተው የተቃጠለ ሽታ አፍንጫዋን መታው። ፊውዙ ቀልጧል። የሣጥኑ ሰዓት የቆመው በዚያ በመጀመሪያው እራት፣ ማዕዱ በተጀመረ በሦስተኛው ደቂቃ ነው። ዘጠና ስድስት ጣባ በአንዴ ሲበራ ሣጥኑ አልቻለውም።

ከሞቱት ጣባዎች ባንዱ ላይ የቀረች አንዲት ሽምብራ አንሥታ ቀመሰች። ጭድ ነው። አመድ የነካው ጭድ። የወጥ ቤቱ ጣባ በሌላ መስመር ስለሚሠራ እሷ ይህን ጣዕም አታውቀውም ነበር።

ደምመላሽን ብየዳው ላይ አገኘችው። «ይህን ሁሉ ቀን ይህን ነው የበላችሁት?»

ደምመላሽ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቀለው። «ደረሱበት? ሽምብራዎ እኮ አይበላም፣ እትዬ ትርንጎ። ይቅር ይበሉኝና ፈረስም አይበላውም።»

«ለምን አልነገራችሁኝም?»

«ብንነግርዎ ቺፕሱ ይመለስ ነበራ። ቺፕሱ ከተመለሰ እጃችን ወደ ጋሼ ማንዴ መሄዱ አይቀርም። እጃችንን እናውቀዋለን።»

«እሱስ? አላወቀም?»

«እሳቸውማ እንደቀመሱ ነው ያወቁት! እርስዎ ወጥ ቤት ሲገቡ ምን አሉ መሰልዎት? "ዝም በሉ፣ ደክማበታለች፣ ቅር እንዳይላት።" እኛ ለእሳቸው፣ እሳቸው ለእርስዎ። እንዲህ ስንዋሽ ከረምን።» ከዚያ ግራ ቀኙን አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አሁን ግን፣ በእግዜር ይዤዎታለሁ፣ ትንሽ ጨው።»

ትርንጎ ሳቀች፤ ሳቁ ሳታስበው ወደ ልቅሶ ዞረባት።

ዶክተሩ ወጥ ቤት ሲጠብቃት ደረሰች። ከኋላቸው ሁለት መርከቦች እየመጡ ነው፤ በሁለቱ ውስጥ ሠላሳ አንድ ሰው ከቀዩ መስመር በላይ ነው፤ ልጓማቸውም ተቃርቧል። «አሠራሩን ዛሬውኑ ይላኩላቸው» አላት። «ስድስቱንም ያዳነ ምግብ ነው።»

ብቻዋን ስትቀር ጻፈች። ሽምብራው እንዴት እንደሚቀቀል፣ እንዴት እንደሚፈነዳ፣ ስንት ደቂቃ እንደሚቆላ። «አታላይ ጣባ» ብላ ጀመረችና ሰረዘችው። «አበላል» የሚለው ርእስ ላይ ስትደርስ ብዙ ቆየች። በእነዚያ መርከቦች ውስጥ ያሉትን ሰዎች አታውቃቸውም። እርስ በርስ ይዋደዱ፣ ይጠላሉ፣ አብረው ይብሉ፣ ተለያይተው ይብሉ፣ የምታውቀው ነገር የለም። ይህን የሚለካ መሣሪያ ደግሞ በእሷ ወጥ ቤት የለም።

በመጨረሻ እንዲህ ብላ ጽፋ ላከችው፦ «ሽምብራው አይጣፍጥም። እንዲሞት የማትፈልጉትን ሰው መካከላችሁ አስቀምጡና ብሉት።»