ለፋሻ የተቻኮለ ሠርግ

ህብረት ደክሟታል። ካንሰሩ ጡቷን ወሰደ፤ ትዕግሥቷን የጨረሰው ግን ከዚያ በኋላ የመጣው ቁስል ነው። አዲስ አበባ ያሉ ሐኪሞች ከጀርባዋ ቆዳና ሥጋ ወስደው ሌላ ጡት ሠርተውላት ነበር። ሁምቦ ወረዳ ወዳለችው ከተማዋ ወደ ተበላ ስትመለስ የቆዳው ጠርዝ ጠቆረ፤ ከዚያም ተከፈተ። የሁምቦ ሙቀት ደግሞ ለማንም አይራራም፤ ፕላስተሩ ሥር እያላባት ደህናው ቆዳዋ ሳይቀር ተላጠ።

እናቷ ባዳቾ ክፉ አላሰቡም። እሳቸው ቤት ቅቤ የማይገባበት ሕመም የለም። ቁስሉን ለጋ ቅቤ ሲቀቧት ህብረት እምቢ የምትልበት አቅም አልነበራትም፤ ቁስሉም አመረቀዘ።

ሶዶ ያለችው ሐኪም ተቆጣች። ቅቤ እንዳይደርስበት፣ በየቀኑ እጁ የማይንቀጠቀጥ ሰው እንዲያጥበው አዘዘች። የባዳቾ እጅ ይንቀጠቀጣል። ስለዚህ ህብረት በየቀኑ በሚኒባስ ሶዶ ትመላለሳለች፤ የጠገገውን ቁስል መንገዱ መልሶ ያደማዋል።

እጮኛዋን ዳናን ያገኘችው በዚሁ መንገድ፣ ገና ጤነኛ ሳለች ነው። ወንበሩን ለቆላት፣ እሱ ጎንበስ ብሎ ቆሞ ሶዶ ድረስ ሲያስቃት ሄደ። አሁን ቁስሉን እኔ ልጠብልሽ ይላል። ግን ሁለቱም የአንድ ቤተ ክርስቲያን ዘማሪዎች ናቸው፤ ሳይጋቡ ደረቷን ሊያይ አይታሰብም። ሠርጋቸው የተቆረጠው ደግሞ ገና ወራት ለቀሩት የወላይታ ዘመን መለወጫ፣ ለጊፋታ ማግስት ነው።

ዳና የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌዎች ዘንድ ሄደና ሠርጉ ይቅደምልኝ አለ። ፈቀዱለት። ህብረት ስትሰማ አመማት፤ ሌላውን ሁሉ ችላለች፣ የሚያዝንላት ባል ግን አትችልም።

«ለቁስል አጣቢነት ነው የምታገባኝ?» አለችው ክሊኒኩ በር ላይ።

ዳና በሩን አመለከታት።

«ከውስጥ ስታቃስቺ እዚህ ቆሜ እሰማለሁ። መግባት አልችልም። ሰልችቶኛል፣ ህብረት። ውጭ መቆም ሰልችቶኛል።»

«ካየኸው በኋላስ?»

«አላውቅም» አላት። «ዋሽቼ ምን ይጠቅምሻል?»

ሁሉም ምንም የለም፣ ይድናል ሲላት ነበር የከረመው። አላውቅም ያላት ሰው እሱ ብቻ ነው። እሺ አለችው።

ሠርጉ ትንሽ ነበር። ህብረት ሰፊ ቀሚስ ለብሳ፣ መዝሙሩን ተቀምጣ ዘመረች።

በማግስቱ ጠዋት ዳና እጁን በሳሙና አሽቶ ታጠበና ፋሻውን ፈታ። ህብረት ቁስሉን አላየችም፤ ፊቱን ነበር የምታየው። ፊቱ ተለወጠ።

«ፈራህ?»

«ፈራሁ» አላት። እጁን ግን አላነሳም።

የተሠራው ጡት ስሜት የለውም፤ የሚያስቃስታት ዙሪያው የተላጠው ቆዳ ነው። ጡቱን ሰው ሲነካው የምታውቀው በዓይኗ ብቻ ስለሆነ፣ ነርሶቹ ሲያጥቧት ከእጃቸው ዓይኗን አትነቅልም ነበር። ዳና ጥቁሩን ጠርዝ በጨው ውሃ ቀስ እያለ አራሰው። ያማል ወይ ብሎ ሊጠይቃት ቀና ሲል፣ ህብረት ዓይኗን ጨፍና ተኝታለች።