ከእኔ ቀድማ የሄደችው ሙሽራ

ወላሂ እውነት ነው። ከራሴ የጨመርኩት አንዲት ነገር የለም... ምስክር አምጪ ብትሉኝ ግን የለኝም።

ሰዓቱ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ነው። ሐርጌሳ ሩዟን በልታ፣ ሱቋን ዘግታ፣ በሯን ገርበብ አድርጋ የምትተኛበት ሰዓት።

ጅን በሌሊት ብቻ ነው የሚመጣው ያላችሁ ማን ነው? የእኔ በጠራራ ፀሐይ ነው የመጣው።

ስሜ ሂባቅ ነው። ባሌ ኬይሴ ፊንላንድ ይኖራል። ኒካሃችን የታሰረው በስልክ ነው፤ ሼኩ እኛ ሳሎን፣ እሱ እዚያ በረዶው ውስጥ። በአካል አይቼው አላውቅም። ቪዛዬ ወጥቶ፣ ሻንጣዬን ገዝቼ፣ "አሁን ገና መኖር ልጀምር ነው" እያልኩ ነበር።

እኛ ጋ ልጅ ስትዳር የሴቷ ወገን ቅርጫት ያዘጋጃል። የደረቀ የግመል ሥጋ በጥፍር ልክ ተከትፎ፣ በቅቤ ተጠብሶ ይሞላበታል። ከዚያ ዙሪያውን በገመድ ይጠፈራል። ነጭ ልብስ ይለብሳል፣ ሻሽ ያስራል፣ ጨሌ ያጠልቃል። ቁጭ ያለች ሙሽራ ነው የሚመስለው። የወንዱ ወገን የገመዱን ጫፍ ፈልጎ መፍታት አለበት። ካቃተው ዕድሜ ልኩን መሳቂያ ነው።

ቅርጫቱ የሚሄደው ከሙሽራዋ ኋላ ነው። ቀድሟት ሄዶ አያውቅም።

የአባቴ እህት ኤዶ ዳሃቦ ግን ሰው የምትሰማ ሴት አይደለችም። ጎረቤታችን ሹክሪ ወደ ፊንላንድ ስትበር ቅርጫቱን አስያዘቻት።

"እንዴ! ሙሽራዋ ሳትሄድ?" አለች እናቴ።

"ታዲያ እሷ እስክትሄድ ልጁ በረሃብ ይሙት?"

"ያለበስሽው ሻሽ ደግሞ የማን ነው?"

"የሂባቅ ነዋ! የኒካሁ ቀን ያሰረችውን። ጠረኗ ይድረሰው ብዬ..." ብላ ሳቀች።

"ኤዶ! ሳይታጠብ?" ብዬ ጮህኩ።

እኔ ዝንብ ያረፈበትን ሻይ የምደፋ ሰው ነኝ። ላቤን የጠጣ ሻሽ ከሚበላ ነገር ጋር... ኤጭ!

ቅርጫቱ በደረሰ ማግስት ሕልሙ ጀመረኝ።

መጀመሪያ እንዴት ደስ ይል ነበር መሰላችሁ። ነጭ ወጥ ቤት። መስኮቱ ላይ በረዶ። ውጭው ብርድ፣ ውስጡ ሙቀት። አቧራ የለ፣ ዝንብ የለ፣ የሚጮህ ጎረቤት የለ። ኬይሴ ከሥራ ገብቶ ጫማውን ሲያወልቅ አየዋለሁ። ቤቴ ነው። ኑሮዬ ነው። ስነቃ አልቅሺ አልቅሺ ይለኝ ነበር።

ምሳ በልቼ እስክተኛ እቸኩል ጀመር።

አንድ ቀን ግን የሆነ ነገር ልብ አልኩ...

ሁልጊዜ የማየው ከአንድ ቦታ ሆኜ ነው። ወንበር ላይ አይደለሁም።

ጠረጴዛው ላይ ነኝ።

ልነሳ ብል እግሬ የለም። እጄን ፈለግኩት... እሱም የለም። የከረመ ቅቤ ሸተተኝ። የሚሸተው ከውጭ አልነበረም፤ ከሆዴ ውስጥ ነው።

ኬይሴ መጣ። ፊቱን ወደ ፊቴ አስጠጋ። ጣቶቹን ወገቤ ላይ፣ ብብቴ ሥር፣ አንገቴ ዙሪያ ሰዶ ይጎረጉር ጀመር።

"ጫፉ የት ነው?" አለ በሹክሹክታ። "የት ደበቅሽው?"

ብንን አልኩ። ምላሴ ቅቤ ለብሷል። ክንዴን ሳክከው ጥፍሬ ሥር ቢጫ ነገር ገባ። በሳሙና ታጠብኩ፣ ደግሜ ታጠብኩ... ወይ ፍንክች!

በማግስቱ የነቃሁት ሆዴን ሲበላኝ ነው። ቀሚሴን ገለጥኩ።

ጉንዳን።

ከመሬት እስከ ፍራሹ፣ ከፍራሹ እስከ እምብርቴ ተሰልፏል። እምብርቴ ውስጥ ባዶውን ይገባል። ሲወጣ ትንንሽ ነገር ተሸክሟል።

ምን እንደተሸከመ አላየሁም። ማየትም አልፈልግም! ግቢ ድረስ ሮጬ አንጀቴ እስኪወጣ አስታወክኩ።

ስልክ መታሁለት።

"ኬይሴ... ቅርጫቱን ፈታኸው?"

"ኧረ የት! አክስትሽ ቋጠሮውን ከማን ነው የተማረችው? ትናንት ወገቧን ሁሉ ዳበስኩ።"

"የማንን ወገብ?"

"የቅርጫቷን ነዋ!"

"አትፍታው። በአላህ ይዤሃለሁ፣ ወስደህ ጣለው። ከፈታኸው... አንተ ጋ የምደርስ አይመስለኝም።"

ሳቀ። "አንቺ ልጅ ነካ ያደርግሻል እንዴ? አርብ ጓደኞቼ ሊመጡ ነው። 'ፈሪው ሙሽራ' ሊሉኝ ነው?"

ኤዶ ዳሃቦ ጆሮዋን አቁማ ስትሰማ ነበር። "እህል ጣል ትያለሽ?" ብላ ጮኸችብኝ። "የኔን የእጅ ሥራ? ነውረኛ!"

አርብ ደረሰ። እንቅልፍ እንዳይጥለኝ እግሬን ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ነክሬ ተቀመጥኩ። ስምንት ሰዓት ላይ ኬይሴ በቪዲዮ ደወለ። እናቴ ስልኩን ያዘች፤ ጓደኞቹ ያጨበጭባሉ።

"ኧረ በጥርስህ! ጣትህ ሰንፏል!" አለው አንዱ።

ኬይሴ ጎንበስ ብሎ የቅርጫቷን አንገት ነከሰ።

አንገቴ ላይ ምራቅ ተሰማኝ። ሞቅ ያለ፣ የሚዝለገለግ ምራቅ።

"አገኘሁት!" አለ።

ገመዱ ተተረተረ። እኔም ከጡቴ ሥር እስከ እምብርቴ የሆነ ነገር ላላብኝ... ሆዴን በሁለት እጄ ደግፌ ያዝኩት።

"ሁዮ... ተው በይው!" አልኳት እናቴን።

"ሙሽራ ሲደሰት ተው ይባላል?" አለችኝ።

ክዳኑ ተነሳ። ኬይሴ እጁን እስከ አንጓው ከተተው። አወጣ። ጎረሰ። ቅቤው በአገጩ ወረደ።

"ወንድሞቼ... ትኩስ ነው እኮ!"

ከወር በፊት የተሠራ ሥጋ ነው... ትኩስ?

ከጥርሱ መሃል ረጅም ፀጉር መዘዘ። አየው። ሱሪው ላይ ጠረገው፣ ደግሞም ጎረሰ። ሁሉም እጃቸውን ሰደዱ። ያላምጣሉ፣ ጣታቸውን ይልሳሉ፣ ይስቃሉ። ያንን አፍ ነበር ባሌ ብዬ የምስመው! ተጸየፍኩት። ከልቤ ተጸየፍኩት።

ስልኩ ተቋረጠ።

ከዚያ ወዲህ ለእኔ አልደወለም። ስደውል አያነሳም። ቤት ውስጥም የሆነ ነገር ተለወጠ... ምሳ ሲቀርብ እኔን የሚጠራኝ የለም። ረስተው ነው አልኩ።

ትናንት ስምንት ሰዓት ላይ የእናቴ ስልክ ጮኸ። ሹክሪ ናት፣ ቅርጫቱን የወሰደችው።

"እንኳን ደስ ያለሽ!" አለች እየጮኸች። "ልጅሽ ገባች እኮ! አገሩ እንዴት እንደተስማማት ብታዪ! ቆይ፣ እዚሁ አጠገቤ ናት... ላገናኝሽ።"

"ሁዮ፣ እኔ እዚህ ነኝ፣" አልኩ።

በስልኩ ውስጥ መጀመሪያ የተሰማው ማላመጥ ነው። እርጥብ፣ ቀስ ያለ ማላመጥ... ከዚያ ዋጥ አደረገች።

"ሁዮ፣" አለች። ድምፁ የእኔ ነው። "ደረስኩ።"

"ዝጊው! እኔ አይደለሁም! ዝጊው!" ብዬ የእናቴን ክንድ ጨመደድኩ።

ጣቶቼ ተንሸራተቱ። ክንዷ ላይ ቢጫ ቅቤ ቀረ።

እናቴ አፍንጫዋን ሸብሽባ በቀሚሷ ጠረገችው። ማን እንደነካት ለማየት እንኳ ዞር አላለችም። ስልኩን ጆሮዋ ላይ ለጥፋ፣ እንባዋ በጉንጯ እየወረደ ፈገግ አለች።

"እሰይ የኔ ልጅ!" አለች። "ሰው አገር ነሽና አደራ... ደህና እየበላሽ ነው?"