ጭስ የሌለበት ቤት

ነገር አጋንኖ የማውራት ልማድ የለኝም። የሚያውቁኝ ሁሉ ይመሰክሩልኛል። ያየሁትንና የሰማሁትን ብቻ እጽፋለሁ።

ጊዜው 1963 ዓ.ም.፣ ጥቅምት ወር ነው። ቦታው ሞጣ ከተማ። ሰዓቱ ከቀኑ ዘጠኝ ገደማ... በጠራራ ፀሐይ።

ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ ብቸና በመምህርነት ተመድቤ ነበር። እናቴ ወይዘሮ ወለተ ሐና አብራኝ ትኖራለች። የተከራየናት አንዲት ክፍል ናት፤ ማጀቷም መኝታዋም እሷው። እሳት ሲነድ ጭሱ መውጫ የለውም። እማዬ ስትስል ትውላለች፣ ስትስል ታድራለች።

የክሊኒኩ ድሬሰር አንድ ቀን ለብቻዬ ጠራኝ።

«ጭስ የሌለበት ቤት ፈልጊላቸው» አለኝ። «ደጋ ይሁን፣ ንጹሕ ውሃ ይኑረው። አለዚያ የሚመጣውን ክረምት አያልፉትም።»

ሞጣ ደጋ ነው። ቧንቧ ገብቷል፣ ማታ ማታም መብራት አለ አሉኝ። ዝውውር ጠየቅኩ፤ ተፈቀደልኝ። የቀረኝ ቤት ማግኘት ብቻ ነበር።

በጭነት መኪና፣ በደብረ ወርቅ በኩል ሄድን። እማዬ ጋቢና ውስጥ መንገዱን ሙሉ ሳለች።

አከራይዋ ወይዘሮ የሺእመቤት ቤቱን ከፈቱልን።

ወለሉ ሲሚንቶ ነው። ወጥ ቤቱ ለብቻው ጓሮ ተሠርቷል። ግቢው ውስጥ ቧንቧ፣ ጣሪያው ላይ አምፖል አለ።

እማዬ ሳሎኑ መሐል ቆማ በረጅሙ ተነፈሰች። አልሳለችም...

«አገሬ፣ ቤታችን ይኸ ነው» አለችኝ ስሜን ጠርታ።

አከራይዋ ግን ደጃፉ ላይ እንደቆሙ ናቸው።

«ይግቡ እንጂ፣ እትዬ።»

«አይ፣ እናንተ እዩት። እኔ ደረጃ መውጣት ጉልበቴን ያመኛል።»

ደጃፉ ደረጃ የለውም።

አምፖሉ ላልቶ ስላየሁት ወንበር ላይ ወጥቼ ላጠብቀው ነካሁት። ትኩስ ነው።

«መብራት የሚመጣው በስንት ሰዓት ነው?»

«ሞተሩ የሚነሣው አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ነው። ምነው፣ ዩኒቨርሲቲ አምፖል መዳበስ ነው እንዴ የሚያስተምረው?»

እማዬ ሳቀች። «ይተዉአት! የኔ ልጅ እኮ ዶሮ ስታባርር እንኳ ይቅርታ ትጠይቃለች።»

አፈርኩ። ስለ አምፖሉ ሳልናገር ወረድኩ።

ከሳሎኑ ወደ ውስጥ የሚያስገባ ሌላ በር አለ። ጓጉንቸር ተንጠልጥሎበታል።

«ይኸስ?»

«የቀድሞዋ ተከራይ ዕቃ ነው። ስልክ ቤት ትሠራ ነበር። ሄደች።»

«ወዴት?»

«ሄደች አልኩሽ እኮ፣ ልጄ።»

ይኼኔ አንዲት ሴት ተጣራች።

«ቤቶች!»

ረጋ ያለ፣ የጨዋ ሰው ድምፅ... እንግዳ ደጅ ቆሞ እንደሚጣራው።

ወደ ውጭው በር ዞርኩ። ከወይዘሮ የሺእመቤት በቀር ማንም የለም። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘዋል።

«ቤቶች!»

ድምፁ የመጣው ከተቆለፈው በር ወዲያ ነው።

እንግዳ ከውስጥ ሆኖ ይጣራል?

«አይመልሱ» አሉ አከራይዋ በሹክሹክታ። «እመቤቴ፣ በማርያም... አይመልሱ!»

እናቴ ቤት ደጅ የተጣራ ሰው መልስ አጥቶ አያውቅም። ማንነቱ የሚጠየቀው ገብቶ ከተቀመጠ በኋላ ነው። እንደዚያ ነው ያደገችው። አፏ ከሐሳቧ ቀደመ።

«ደጆች! ይግቡ!»



ጓጉንቸሩ ትንሽ ተወዛወዘና ቆመ።

ወይዘሮ የሺእመቤት ከወገባቸው አንድ ቁልፍ ፈትተው መሬት ላይ አስቀመጡ። ዘወር ብለው ሳያዩን ሄዱ።

«እማዬ፣ እንሂድ።»

«ወዴት?» አለች። ፊቷ ፈክቷል። «ቤት አገኘን እኮ።»

ለመንኳት። እጇን ይዤ ጎተትኳት። ከቆመችበት ንቅንቅ አላለችም። ደረቷን አየሁት... በጸጥታ ይሞላል፣ በጸጥታ ይጎድላል። ድሬሰሩ ያለኝ ትዝ አለኝ።

እዚያው ቀረን።

ከዚያ ወዲህ እማዬ አንድም ቀን አልሳለችም። ውሃ ትቀዳለች፣ እንጨት ትፈልጣለች። ጎረቤቶች «እኅትሽ ናት ወይ?» ይሉኛል። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር።

ግን ሳል ይሰማኛል...

ከተቆለፈው በር ወዲያ።

አሳሳሉን አውቀዋለሁ። ሁለት አጭር፣ አንድ ረጅም፤ ከዚያ በደከመ ድምፅ «ወይ እመቤቴ!» ብቸና ሌሊቱን ሙሉ አጠገቤ ስሰማው የኖርኩት ነው።

ትናንት ከትምህርት ቤት ስመለስ እማዬ ቧንቧው ሥር ልብስ ታጥብ ነበር። ጀርባዋን ሰጥታኛለች። ቀስ ብዬ አልፌያት ገባሁ። ጆሮዬን በሩ ላይ አደረግኩ።

«አገሬ... ልጄ... ውሃ...»

አከራይዋ ትተውልን የሄዱትን የጓጉንቸሩን ቁልፍ ካስቀመጥኩበት አጣሁት። በመስኮት ወደ ውጭ አየሁ። እማዬ አንገት ላይ፣ ከማተቧ ጋር ተንጠልጥሏል።

ከእንስራው በኩባያ ውሃ ቀዳሁና ተንበርክኬ በበሩ ሥር ቀስ ብዬ አፈሰስኩት። ውሃው ወለሉ ላይ አልተንጣለለም። ወደ ውስጥ ተሳበ... ከዚያ ሲጠጣ ሰማሁ። እንደተጠማ ሰው፣ ያለ ፋታ።

ግቢው ውስጥ የእጥበቱ ድምፅ ቆመ።

«ለማን ነው የምትሰጪው?»

ቀና አልኩ። እማዬ ደጃፉ ላይ ቆማ ፈገግ ብላለች። ኩባያውን ከኋላዬ ደበቅኩት።

«ለማንም...»

በበሩ ሥር ጣቶች ወጡ። ቀጫጭን ናቸው፣ እርጥብ ናቸው። በልጅነቴ ፀጉሬን ሲሠሩኝ የማውቃቸው ጣቶች...

የቀሚሴን ጠርዝ ያዙ።