የታሸገው ቤት አየር

ሟቹ ሶፋው ላይ በቀኝ ጎኑ ተጋድሟል። ጫማው ከሥሩ ተስተካክሎ ተቀምጧል፤ መነጽሩ ደረቱ ላይ ነው፤ ጉንጮቹ ከጤነኛ ሰው ጉንጭ ይልቅ ቀልተዋል። ያየው ሁሉ መጀመሪያ «ተኝቷል» ይል ነበር። መርማሪዋን ያስፈራትም ይኸው ነው። በሥራ ዘመኗ የተወጋም የታነቀም አይታለች፤ ሞት የጤና መልክ ለብሶ ስታይ ግን ጀርባዋ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ የወረደባት ያህል ሰቀጠጣት።

ከሶፋው ፊት ለፊት ጥቁር የብረት ምድጃ ቆሟል። በሩ መስታወት ነው፤ ቀጭን ቧንቧው ነጩን ጣሪያ በስቶ ይወጣል። የመስታወቱ በር ጣት በሚያስገባ ክፍተት ገርበብ ብሏል፤ ውስጡ አመድና ሊጠፋ የተቃረበ ፍም ይታያል።

«ሽታም መልክም የሌለው መርዛማ ጋዝ ነው» አለ ሐኪሙ ጓንቱን እያወለቀ። «ከፍም ይወጣል። የተኛ ሰው እንደተኛ ይቀራል።»

«ቧንቧው ለምን ወደ ውጭ አላወጣውም?»

ሁለቱ ፖሊሶች ተያዩ። ከጀርባዋ «ወይዘሮ ለምን» የሚሏት ያለ ነገር አልነበረም።

የሟቹ ልጅ ግቢው በር ሥር ዝናብ እየመታት ቆማለች። ከሩቅ አገር የሕንጻ ንድፍ ተምራ ስትመለስ መጀመሪያ የሠራችው የአባቷን ቤት ነበር። በጠባብ የከተማ ቦታ ላይ ወፍራም ግድግዳ፣ ነፋስ የማያሳልፉ መስኮቶች፣ መሐሉ ላይ አንድ የእንጨት ምድጃ። አሁን ወደዚያ ቤት እግሯ አልሄድ ብሏታል።

«ግቢ እንጂ፤ ዝናቡን አታዪም?»

«አልገባም። ምድጃው ገድሎት ከሆነ የገደልኩት እኔ ነኝ።» ቦርሳዋን ከፍታ ነጭ ክብ ዕቃ አወጣች። «ይኼ ጋዙን ሲያገኝ ይጮሃል። ቅዳሜ እገጥመዋለሁ ብዬ… ይዤው ስዞር ነው የሞተው።»

«ምድጃው ጋዙን ወደ ቤት የሚመልሰው መቼ ነው?»

«ቤቱ እንደታሸገ ጠርሙስ ነው ይበሉት። የወጥ ቤቱ አየር መሳቢያ ሲበራ አየሩን ወደ ውጭ ይጠባል። መስኮት ካልተከፈተ የሚገባ አየር ስለማያገኝ በምድጃው ቧንቧ ቁልቁል ይስባል። መውጣት ያለበት ጋዝ ተመልሶ ሳሎን ይገባል።»

«ይህን እያወቅሽ ነው የሠራሽው?»

«ስለማውቅማ መስኮቱ ላይ ማግኔት አደረግሁ። የወጥ ቤቱ መስኮት ዝግ ከሆነ ማግኔቱ መሳቢያውን ያግደዋል፤ አይነሳም። ቤቱ የገቡ ዕለት ለሁሉም ነግሬያለሁ። ለእንጀራ እናቴ፣ ለአጎቴ፣ ለአመዶም።»

አመዶ የምትለው ምድጃውን የገጠመውን ሰው ነው። ቅንድቡ ከዓመት ዓመት ግራጫ ነው። ደረጃው ላይ ተቀምጦ ቆቡን በእጁ ይጠመዝዛል።

«እመቤቴ፣ እኔ ከገጠምኩት ምድጃ ጭስ አምልጦ አያውቅም። ካመለጠኝ ሚስቴ ብቻ ናት።» ቀልዱን ራሱ ሳይስቅበት ዋጠው። «ሊያስሩኝ ነው?»

«በሩ ገርበብ ብሎ ነው የተገኘው። ሟቹ እንዲያ ይተዉት ነበር?»

«እሳቸው? ፍም አጠገብ በሩን ከፍተው ይተኛሉ? መሐንዲስ እኮ ናቸው፤ የሻይ ብርጭቆ እንኳ ሳይከድኑ አያስቀምጡም።»

ሚስትየው መኝታ ቤት ውስጥ ካፖርቷን ሳታወልቅ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። ቀኑን የዋለችው ልብስ ስፌት ቤቷ ነው፤ ደንበኞቿ መስክረዋል።

«ስመጣ አጎትየው የሳሎኑን መስኮት ሁሉ ከፋፍቶ ደጃፉ ላይ ቆሟል። ‹አትግቢ› አለኝ። ዝናቡ ምንጣፉን አርሶታል።» ድምጿ ጠነከረ። «እሳት አመድ ወለደ ይባላል፤ የኛዋ ግን አባቷን ራሱን አመድ አደረገችው። ተምራ መጣች ብለን ስንደሰት!»

«ባለቤትሽ ከሰው ጋር ተጣልቶ ነበር?»

ሴትየዋ ወደ በሩ አየች። ከኮሪደሩ የአጎትየው ሳል ይሰማል። ድምጿን ዝቅ አደረገች፤ ከንፈሯ ብቻ የሚንቀሳቀስ ይመስል ነበር።

«ጠዋት ስልክ ላይ ሲቆጣ ሰምቻለሁ። ‹ምሰሶዎቹን አይቻቸዋለሁ። ሰው ሳያልቅ ንገራቸው፤ አለዚያ ሰኞ እኔ እነግራቸዋለሁ› ይል ነበር።»

«ለማን?»

«አላውቅም» አለችና ካፖርቷን አጥብቃ ያዘች። የሟቹ ወንድም የሕንጻ ተቋራጭ መሆኑን ከተማው ሁሉ ያውቃል። እሷ ደግሞ የምታድረው እዚሁ፣ እሱም ቁልፍ በያዘበት ቤት ነው።

አጎትየው ግዙፍ ሰው ነው። ሲያወራ መሐረቡን ከዓይኑ አላነሳም።

«ምሳ አብረን በላን። ጆሮው ስለሚከብደው የሚያደርጋትን ማዳመጫ አውልቆ ለሸለብታ ሲጋደም እኔ ወጣሁ። ጃንጥላዬን ረስቼ ኖሮ ማምሻውን ተመለስኩ።»

«ሲገቡ ጭስ ነበር?»

«ቅንጣት የለም።»

«ሽታስ?»

«ሽታም የለ። የተኛ ነው የመሰለኝ።»

«ከዚያስ ምን አደረጉ?»

«መስኮቱን ከፈትኩ። ሄጄ ቀሰቀስኩት። አልነቃ አለኝ፤ ወንድሜ…»

«ልጅቱ ስለ ምድጃው ነግራዎት ነበር?»

«ያቺ ስታወራ ማን ይሰማል? እኔ ስለ ምድጃ የማውቀው እሳት እንደሚነድበት ብቻ ነው።»

መርማሪዋ ብቻዋን ወደ ወጥ ቤት ገባች። በርጩማ ላይ ወጥታ የአየር መሳቢያውን ወንፊት ነቀለች። ወንፊቱ የምግብ ስብ ይዞታል፤ ስቡ ላይ ደግሞ እንደ ዱቄት የላመ ግራጫ አመድ ተለጥፏል። ቀጥላ መስኮቱን አየች። ማግኔቱ ትንሽ ተንጋዷል፤ ከጎኑ ቀለሙ ያልደበዘዘ ነጭ መስመር ይታያል። መስኮቱን ዘግታ መሳቢያውን ነካችው። አልተነሳም። ማግኔቱን በጥፍሯ ላጠችና ደግማ ነካችው።

መሳቢያው ተነሣ። ከኋላዋ የሳሎኑ በር በራሱ ሲጢጥ እያለ መንቀሳቀስ ጀመረ። ማንም አልነካውም። ቤቱ አየር የሚስብ ደረት የሆነ ይመስል፣ በሩ ወደ እሷ መጣ። አንገቷ ላይ ያለው ፀጉር ቆመ፤ ማጥፊያውን ለማግኘት እጇ ሁለቴ ሳተ።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ሁሉንም ሳሎን ሰበሰበቻቸው። ልጅቱ በልመና ነው የገባችው። መስኮቶቹ ተዘግተዋል፤ በምድጃው መስታወት ውስጥ ከአመድ ሥር ቀይ ነገር ይታያል። መርማሪዋ ልጅቱንና አመዶን ቀድማ «ምንም ብትሰሙ እንዳትነሱ» ብላቸዋለች።

«ኑዛዜ ልጻፍ እንዴ?» ብሏት ነበር አመዶ።

አሁን ግን አይቀልድም። ልጅቱ ጉልበቷን በሁለት እጇ ጨብጣለች።

«ምድጃው አልተበላሸም» ብላ ጀመረች መርማሪዋ። «ቧንቧው ንጹሕ ነው። ነገር ግን የምድጃ አመድ ወጥ ቤት ውስጥ፣ የአየር መሳቢያው ስብ ላይ ተለጥፎ አገኘሁት። አመድ እግር የለውም። በሩ ገርበብ ባለ ምድጃ ፊት መሳቢያው ሲሠራ ነበር ማለት ነው።»

በዚህ መሐል ከወጥ ቤት የመሳቢያው ድምፅ ተሰማ።

«ማነው እዚያ?» አለች ሚስትየው። ካለችበት ግን አልተነቃነቀችም። ልጅቱ ዓይኗን ጨፈነች። የአመዶ ግንባር በላብ ራሰ።

አጎትየው ብድግ አለ። እጅጌውን አፍንጫው ላይ ጭኖ ወደ መስኮቱ ሮጠና እጀታውን ይታገል ጀመር።

«ምን ሆኑ?» አለች መርማሪዋ በለሆሳስ።

«ሙቀት… ሞቀኝ።»

«የሞቀው ሰው አፍንጫውን ይሸፍናል? አይፍሩ፤ ፍም አይደለም። አመድ ውስጥ የቀበርኩት ቀይ አምፖል ነው።» ወደ ወጥ ቤት ተጣራች፤ ፖሊሱ መሳቢያውን አጠፋው። «እህታችን የመሳቢያ ድምፅ ሰምታ ማን እንዳለ ጠየቀች እንጂ አልሮጠችም፤ የተነገራት ማስጠንቀቂያ ትዝም አላላት። ትናንት እርስዎም ‹ስለ ምድጃ አላውቅም› ብለውኝ ነበር።»

አጎትየው ጀርባውን ለመስኮቱ ሰጥቶ ቆመ።

«መስኮቱ እንደተዘጋ መሳቢያው እንዲሠራ ማግኔቱ መነሳት ነበረበት፤ ተነሥቶ ተመልሶ ሲለጠፍ ተንጋዷል። ማን መለሰው? መሳቢያውንስ ማን አጠፋው? ሟች አይነሳም። መጀመሪያ የገባ ሰው ነው፤ መጀመሪያ የገቡት ደግሞ እርስዎ ነዎት። ይህንንም ባላየው ኖሮ የራስዎ ቃል ይበቃኝ ነበር። ሶፋው በበሩና በመስኮቱ መካከል ነው። ጭስ የለም፣ ሽታ የለም፣ ወንድምዎ ተኝቷል። ሰው የተኛ ወንድሙን አልፎ ለምን መስኮት ይከፍታል? አየሩን ፈርተውት ነው። የማይታይ ነገር የሚፈራ መኖሩን ያወቀ ብቻ ነው።»

ሚስትየው ቀስ ብላ ተነሣች።

«ስልክ ላይ ያወራው ከእሱ ጋር ነበር» አለች። «ፈርቼ ነው ያልተናገርኩት። ትናንት ማታ በሩን በቁም ሳጥን ደግፌ ነው ያደርኩት።»

«የሠራሁት ሕንጻ ቆሟል እኮ» አለ አጎትየው ለማንም ሳይሆን። «አንድም ምሰሶ አልወደቀም። ‹ሰኞ እነግራቸዋለሁ› አለኝ። ለምኜዋለሁ። በልጅነቱም እንዲሁ ነው፤ አንዴ ካለ አለ።»

«የሕንጻው ነዋሪዎች ዛሬውኑ ይወጣሉ» አለች መርማሪዋ። ፖሊሶቹ ሁለት እጁን ይዘው አወጡት፤ አመዶ መንገድ ሲለቅላቸው ግድግዳው ላይ ተለጠፈ።

ልጅቱ ከመቀመጫዋ አልተነሣችም።

«እኔ ነኝ ያስተማርኩት» አለች። «እንዴት እንደሚገድል አንድ በአንድ ያስረዳሁት እኔ ነኝ።»

«ያስረዳሽው ለሁሉም ነው» አለች መርማሪዋ ካፖርቷን እየለበሰች። «ሌሎቹ ማስጠንቀቂያ ሰሙ። እሱ ብቻ ዘዴ ሰማ። ያንን አንቺ አላስተማርሽውም።»

ሁሉም ሲወጡ ልጅቱና ሚስትየው ብቻ ቀሩ። ሚስትየው እጇን ብብቷ ውስጥ ከትታ ቆማለች።

«በርዶኛል» አለች።

«እትዬ፣ ብርድ ልብስ ላምጣልዎ?»

«ብርድ ልብስ አላልኩም» አለች ወደ ምድጃው እያየች።

ልጅቱ አምፖሉን አውጥታ እንጨት ደረደረች። ክብሪቱ አንዴ ጠፋ፣ ደግሞ ጠፋ። ሚስትየው ሄዳ መስኮቱን በትንሹ ገፋችውና ተመለሰች፤ ከዚያ ወንበሯን ጎትታ ከምድጃው ፊት፣ እሳቱ እስኪያያዝ ድረስ፣ ዓይኗን ሳትነቅል ተቀመጠች።