አሥራ ሰባተኛው መስመር

ፖስታው ከእጇ ወጣ።

የጥርስ ሐኪም ቤት መጠበቂያ ክፍል፣ ቀትር ላይ። ከጎኗ የተቀመጠው ሰውዬ ጉንጩን በመሀረብ ደግፏል፤ ለሚያየው በሽተኛ ነው። የምስጢር ስሙ «አጎት»። የእሷ «ቅንፍ»። በምርምር ተቋሙ ሦስት ዓመት ሙሉ ታይፒስት መስላ የኖረችው ለእነዚህ ስድስት ገጾች ነው።

ጽሑፉ የፕሮፌሰሩ ነው። በዓይን የማይታየው፣ ከዋክብትን ግን በስበቱ ይዞ የሚያዞረው ጨለማ ቁስ በየትኛው ክብደት ቢፈለግ እንደሚገኝ ይናገራል። ተቋሙ ቆልፎበታል። ሽማግሌው ግን ለዓለም ይድረስ አሉ። አጎትም ቃል ገባ፦ ወረቀቱ ይምጣ፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ መኪና ልኬ እሳቸውን አሻግራለሁ።

አጎት ገጾቹን በጋዜጣ ከልሎ አየ። ጣቱ አንድ ቦታ ቆመ።

«አሥራ ሰባተኛው መስመር ላይ የመደመር ምልክት ነበር። የት ሄደ?»

ስህተት ስለነበር አረምኩት ልትል አፏን ከፈተች።

ክው አለች።

ረቂቁን ከፕሮፌሰሩ ተቀብሎ ለእሷ የሚያደርሰው የተቋሙ ጥበቃ ክፍል ነው። በመቀነስ ምልክት ላይ አንዲት ጭረት ቢያቆሙባት መደመር ትሆናለች፤ ወረቀቱ ሾልኮ ከወጣ ከማን እጅ እንደወጣ ትመሰክራለች። እሷ ደግሞ የሽማግሌው እጅ የሳተ መስሏት ነበር። ስትተይብላቸው ሲሜትሪ የሚሉት የወገኖች እኩልነት እንዴት እንደሚሰበር አስረድተዋታል፤ በጫፉ የቆመ እርሳስ ለማንም አያዳላም፣ ሲወድቅ ግን አንዱን ወገን ይመርጣል እያሉ። በዚያ መስመር ምልክቱ መደመር ከሆነ እርሳሱ አይወድቅም። ስለዚህ አረመችው።

ያቺን ጭረት ከጥበቃ ክፍሉ በቀር የሚያውቃት የለም። አጎት የእነሱ ሰው ነው። እሱም ቸኩሎ አመለጠው፤ ከአፍ ከወጣ አፋፍ።

«እንጃ፣ ረቂቁ ኮቴ ውስጥ አለ። ላምጣውና እንይ።»

«ቶሎ በይ።»

ኮቱን ከመተላለፊያው አንስታ በጓሮ በር ወጣች። ረቂቅ የሚባል ነገር አልነበረውም፤ ገበሩ ውስጥ የተሰፋው የካርቦን ቅጂው ነው። ሦስት መንገድ ሮጣ ከአንድ ሱቅ ደወለች።

«ፕሮፌሰር፣ መኪናው ወጥመድ ነው! አሁኑኑ ይውጡ!»

«ቀድሞ መጥቷል፣ ልጄ። በሩን እየደበደቡ ነው።» ድምፃቸው አልተረበሸም። «በምን ነቃሽ?»

«መስመር አሥራ ሰባት ላይ ጥበቃ ክፍሉ መደመር አድርጎበት ነበር። እኔ ሳላስፈቅድዎ ወደ መቀነስ መለስኩት።»

ሳቁ፣ ከልባቸው።

«ገብቶሻል! እኔ እኮ ለግድግዳ የማወራ ይመስለኝ ነበር። በይ ሂጂ። ሙያ በልብ ነው።»

በሩ ሲሰበር ሰማች።

«ማን ነው?» አለ ሌላ ድምፅ በስልኩ።

ዘጋች።

አጎት በማያውቀው መንገድ ድንበር ተሻገረች። ቅጂው ደረሰ፤ በወሩ ጽሑፉ በፕሮፌሰሩ ስም ታተመ። እሳቸው የት እንደገቡ ግን የነገራት የለም። ዛሬም ስልክ ሲጮህ ያ ሳቅ ይመጣባታል፤ አጎትን አምና መኪናውን ተደብቀው የሚጠብቁበትን ቤት የነገረችው እሷ ናትና።

በሌላ ከተማ፣ በሌላ ስም፣ አንድ የመድን ቢሮ በታይፒስትነት ቀጠራት። በሦስተኛው ቀን አለቃዋ በቁጥር የታጨቀ ወረቀት ይዞ መጣ።

«ሒሳብ ነገር ይገባሻል?»

«ኧረ ምንም አይገባኝም፣ ጋሼ» አለች። «የተጻፈውን ብቻ ነው የምመታው።»