የቦኖው ሻይ

አቶ ወልደ ጊዮርጊስ የሻዩን ብርጭቆ ወደ መስኮቱ ብርሃን አንስተው፣ አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው አዩት። አልጠጡም። ከታች በኩል አዩት። አሁንም አልጠጡም።

«ሀሊሜ፣ ይሄ ሻይ አረፋ አለው።»

«ከፍ አድርጌ ስለቀዳሁት ነው፣ ጋሼ።»

«የቱፋም ፈረስ አረፋ ነበረው!»

ጓዳው በር ላይ የቆመው የሀሊሜ ልጅ አብዶ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ። የቱፋን ፈረስ የፈጠረው እሱ ነበር። ፈረሱን እንኳ አላህ ነው የፈጠረው፤ ወሬውን ግን አብዶ።

ስምንተኛ ክፍል ውስጥ «አብዶ ቀደዳ» ነው የሚሉት። ባለፈው ሳምንት የሒሳብ መምህሩ እስኪገባ ድረስ ጠረጴዛ ላይ ወጥቶ፣ የጋሪ ነጂው የቱፋ ፈረስ ከአዲሱ ቦኖ ውሃ ጠጥቶ ሲያስነጥስ ከአፍንጫው የሳሙና አረፋ እንደወጣ አወራላቸው። አረፋው እየተነፋ፣ እየተነፋ ጭላሎ ጫፍ ላይ ሲደርስ የተራራው ሰዎች ጨረቃ የወጣች መስሏቸው ከብቶቻቸውን በቀን አስገቡ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።

ወሬው ግን ከክፍል ወጣ። ምሳ ሰዓት ላይ ጨረቃዋ ከወሬው ወደቀች፤ አረፋው ብቻ ቀረ። ማታ ገበያ ሲደርስ ፈረሱ ሞቶ ነበር። እውነተኛው ፈረስ በዚያች ሰዓት እህል ጭኖ ከሁሩታ እየተመለሰ ነበር፤ ግን ፈረስ መጥቶ «አለሁ» አይልም። በማግስቱ በእናቱ ሻይ ቤት ወንበሮቹ ባዶ ሆኑ።

ነገሩ የጀመረው ዝናቡ ሲቀር ነው። ምንጩ መነመነ። ከውሃ መሥሪያ ቤት ፍሰሐ የሚባል ወጣት ባለሙያ መጥቶ፣ ከቀበሌው ልብስ ማጠቢያ የሚወርደው ውሃ በጠጠር፣ በአሸዋና በከሰል ተጣርቶ፣ መድኃኒት ተጨምሮበት ለመጠጥ ወደ ቦኖው እንዲመለስ አደረገ። ከዚያ በፊት ግን የቀበሌ ስብሰባ ተጠራ። ፍሰሐ ጥቁር ሰሌዳው ላይ አሸዋ እስኪመስል ድረስ ነጠብጣብ ሣለ። ሊቀመንበሩ «ጥያቄ ያለው?» አለ። በር ላይ ጠመንጃ ያነገበ ጓድ ቆሞ ማን ጥያቄ ይኖረዋል? «የሚደግፍ?» ሲል አዳራሹ እጅ በእጅ ሆነ። አቶ ወልደ ጊዮርጊስማ ሁለቱንም ነበር ያነሱት። በሙሉ ድምፅ ፀደቀ፤ ተጨበጨበ።

ቦኖው በተከፈተ ቀን አንድም ሰው አልመጣም። ሌላ ጊዜ ወረፋ የሚይዙት ድንጋዮችና ጎባጣ ጣሳዎች እንኳ አልነበሩም። ሰዉ እንስራውን ተሸክሞ ሩቅ ወንዝ ይወርዳል።

«ተስማምታችሁ የለም እንዴ?» ብሎ ፍሰሐ መንገድ ላይ ጠየቀ።

«እጃችን ተስማማ» አሉት አቶ ወልደ ጊዮርጊስ፣ ግራ ቀኝ አይተው። «ሆዳችንን ማን ጠየቀው?»

ሀሊሜ ግን ወንዝ ወርዳ ሻይ ቤት መክፈት አትችልም። ከቦኖው ቀዳች። ዛሬ ጠዋት ፍሙን እያራገበች አብዶን ጠራችው።

«ዛሬም ሰው ካልገባ ዘግተን ገጠር፣ ዲክሲስ አጎትህ ጋ እንገባለን። ትምህርትህንም እዚያው ከበሬ ጋር ትማራለህ። ውሃው ከየት ነው ካሉህ፣ ከምንጭ ነው በል። መቼም ለዚህ ካንተ የሚሻል የለም።»

አሁን ሻይ ቤቱ ውስጥ አቶ ወልደ ጊዮርጊስ ብቻ ናቸው። በሩ ላይ ደግሞ ልብስ ሰፊው ሁሴኖ አንድ እግሩን አስገብቶ፣ አንዱን ውጭ ትቶ ቆሟል። ከኋላው ሌሎችም አንገታቸውን ያሰግጋሉ። ሰፈሩ ያውቃል፦ አቶ ወልደ ጊዮርጊስ የልጃቸውን ሠርግ ጠጅ እንኳ አሳላፊው ካልቀመሰላቸው የማይጠጡ ሰው ናቸው። እሳቸው ከጠጡ ሁሉም ይጠጣል።

«አንተ ልጅ፣ ና እስቲ። ውሃው ከየት ነው?»

ውሸቱ አብዶ አፍ ላይ ተሰልፎ ነበር። እንዲያውም ጌጥ ነበረው፤ ምንጩ፣ ውሃውን የተሸከመችው አህያ፣ የአህያዋ ስም ሳይቀር። ግን ትናንት ያየው ነገር ትዝ አለው።

ትናንት አዲስ ወሬ ፍለጋ ነበር ወደ ማጣሪያው የሄደው። እንቁራሪት ቁልፍ ያለው ሸሚዝ ለብሳ ብትገኝ ብሎ። ያገኘው ፍሰሐን ነው፤ ብቻውን ድንጋይ ላይ ተቀምጦ። በአንድ በኩል እንደ ጠላ አተላ የደፈረሰ ውሃ ይገባል፤ በሌላው ጫፍ ጠብ ጠብ እያለ የሚወርደው ግን ጣሳው ውስጥ ሥሩ ላይ የተጻፈውን ያስነብብ ነበር። ፍሰሐ ቀድቶ ጠጣ። አብዶም ትንሽ ፈርቶ ጠጣ። የመድኃኒት ሽታ አለው፤ ሌላ ምንም።

«ሰው ቢጠይቀኝ እኮ አሳይ ነበር» አለ ፍሰሐ።

«ጋሼ ደግሞ! ቀበሌ ስብሰባ ላይ ማን ይጠይቃል?»

ፍሰሐ ይህን ጭራሽ አስቦት የማያውቅ ይመስል ቀና ብሎ አየው።

«አትሰማም እንዴ? ከየት ነው?» አሉ አቶ ወልደ ጊዮርጊስ።

«ከቦኖው ነው» አለ አብዶ።

የሀሊሜ ማንኪያ ወለል ላይ ተንቃጨለ። ሁሴኖ ያስገባውን እግር አወጣ። አቶ ወልደ ጊዮርጊስ ግን ልጁን ትኩር ብለው አዩትና ጢማቸው እስኪርገበገብ ሳቁ።

«ሰማችሁ? አብዶ ቀደዳ ከቦኖው ነው ካለ፣ ከምንጭ ነው ማለት ነው! እኔን ሊያሸብር!»

ብርጭቆውን ወደ አፋቸው ወሰዱ። የሁሴኖ እግር ተመለሰ።

አብዶ እናቱን አየ። ዓይኗ «ዝም በል» ይላል። ዝም ካለ አለቀ፤ አንድ ጉንጭ ብቻ ነው የቀረው። ወንበሮቹ ይሞላሉ፣ ዲክሲስ ይቀራል። ውሸት እንኳ አልተናገረም። እውነት ተናግሮ ያላመኑት እሳቸው ናቸው።

እጁን ሰዶ ብርጭቆውን በመዳፉ ከደነ። እንፋሎቱ አቃጠለው።

«አባባ፣ ይቆዩ። ወላሂ ከቦኖው ነው።»

ሽማግሌው ሳቃቸውን ዋጡ። «ማነው የላከህ? ቀበሌ ነው?»

«ማንም አልላከኝም። መጀመሪያ ማጣሪያው ጋ መጥተው ይዩት። ሲገባም ሲወጣም ይዩት። ካልወደዱት ይድፉት፤ እማዬ ምንም አትልም።»

የሀሊሜ ፊት ግን ብዙ ይል ነበር።

«ቀበሌ እጅህን አንሳ ይላል እንጂ መጥተህ እይ አይልም» አሉ አቶ ወልደ ጊዮርጊስ ቀስ ብለው። «ይሄ ነገር ወጥመድ ነው።» እንዲህ እያሉ ከዘራቸውን አነሱ። «አንተ ከፊት ቅደም። ጉድጓድም ካለ አንተ ቅደምና ግባበት።»

ብርጭቆውን በጠረጴዛው ላይ አልተዉትም። በማስቀመጫው ከድነው፣ እንዳይፈስ እየተጠነቀቁ፣ ይዘውት ወጡ።

ሁሴኖ መርፌው ኮሌታው ላይ እንደተሰካ ተከተላቸው፤ ከሱም ኋላ ሁለት ሴቶች፣ ትንሽ ራቅ ብለው፣ የተከተሉ እንዳይመስሉ።

«አብዶ» አለ ሁሴኖ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ለሶላት ውዱእስ ይሆናል? የልብስ እጣቢ የነበረ ውሃ?»

አብዶ አፉን ከፈተ። ለማንኛውም ጥያቄ መልስ አጥቶ አያውቅም።

«አላውቅም» አለ። «እሱንም እንጠይቃለን።»

ከኋላቸው ሀሊሜ በሩ ላይ ቆማ እስኪታጠፉ ድረስ አየቻቸው። ከዚያ ገብታ ማንቆርቆሪያውን ከእሳቱ ልታወርድ እጇን ዘረጋች፤ ትንሽ አሰበች፤ ተወችውና ፍሙን አራገበች።