የስድስት ሳምንት ዝምታ

«አ— ይበሉ፤ ትንፋሽዎ እስኪያልቅ» አሉ ፕሮፌሰሩ ማይክሮፎኑን ወደ ልጅቷ እናት አፍ እያስጠጉ።

እናቷ አፏን ከፈተች። የወጣው የዛገ በር ሲገፋ የሚሰማ ዓይነት ነገር ነበር፤ አራት ሰከንድ ሳይሞላ ተቆረጠ። በመጀመሪያው ሳምንት ዘጠኝ ሰከንድ ሄዳ ነበር።

ልጅቷ ጥግ ላይ ተቀምጣ ጉልበቷ ላይ ያለውን ደብተር ጨበጠች። ፕሮፌሰሩ የመምህራን ድምፅ በማስተማር ብዛት እንዴት እንደሚለወጥ ያጠናሉ። ለእናቷ የስድስት ሳምንት ዝምታ አዘው፣ የሚከታተል የቤት ሰው ሲፈልጉ ሥራው ለልጅቷ ደረሰ። ደብተሩ ላይ በየቀኑ የተጻፈው አንድ ነገር ነው፦ «ዝም ብላለች።»

ውሸት ነው። እናቷ ፕሮፌሰሩ የጻፉላትን የዕረፍት ወረቀት አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ሸሸገችውና በማግስቱ ክፍል ገባች።

«ከቀረሁ ክፍሌን ለሌላ ይሰጡታል። ከዚያ ማን ይመልሰኛል? ዝም ብላለች ብለሽ ጻፊ፣ የኔ ልጅ። አደራ።»

ልጅቷ የምትማረው እዚያው፣ እናቷ የምታስተምርበት ክፍል ነው።

«ሰባራ ሬዲዮ መጣች!» ይላል ከኋላ ወንበር ቀልደኛው።

«ኧረ ባትሪ ቀይሩላት!»

«እናትሽ ዛሬም ሲግናል የላትም ባክሽ» ትላለች አጠገቧ የምትቀመጠው፣ በክርኗ እየጎሸመቻት።

እናቷ ጸጥ ለማሰኘት ትጮኻለች፤ ስትጮኽ ድምፅዋ ይሰነጠቃል፤ ሲሰነጠቅ ሳቁ ይብሳል። ልጅቷም እንዳይነጥሏት ብላ አብራ ትስቃለች። አንድ ቀን እናቷ አየቻት። ያን ቀን እቤት ገብተው አንድ ቃል አልተነፈሰችም። በስድስቱ ሳምንት ውስጥ በእርግጥ ዝም ያለችው ያን ምሽት ብቻ ነበር።

ፕሮፌሰሩ የመጀመሪያውን ሳምንትና የዛሬውን የድምፅ ቅጂ አከታትለው አሰሙ። ሁለተኛው የሌላ ሰው ይመስል ነበር።

«ዕረፍቱ አልሠራም» አሉ መነጽራቸውን እያወለቁ። «ይህን ያህል ዝም ብለው ካልተሻለዎት የቀረን ኦፕራሲዮን ነው። ከዚያ በኋላ የሚኖርዎት ድምፅ ለክፍል ይበቃል ብዬ ቃል አልገባም።» ወደ ልጅቷ ዞሩ። «ደብተሩን ወዲህ በይ፣ ጎበዝ። እንዳንቺ የታመነ መዝጋቢ አላገኘሁም።»

ከፕሮፌሰሩ ትከሻ ኋላ እናቷ ራሷን ነቀነቀች፤ አደራ ማለቷ ነው።

ልጅቷ ደብተሩን ዘረጋች። ሰውየው ሊቀበሉ እጃቸውን ሲዘረጉ ግን መልሳ ሳበችው።

«አንዴ ይቆዩኝ። ያልጻፍኩት አለ።»

እናቷ ልትከለክላት አፏን ከፈተች፤ የወጣው ትንፋሽ ብቻ ነበር።

ልጅቷ የመጀመሪያውን ገጽ ገለጠች። «ዝም ብላለች» የሚለውን ሰርዛ ጻፈች፦ «ሰኞ፣ አምስት ክፍለ ጊዜ ጮኻለች።» እስክሪብቶው ጥቂት ቆመ። ከሥሩ ጨመረች፦ «እኔም ስቄባታለሁ።»

ከዚያ ወደ ማክሰኞ አለፈች።